የፌርማታው ድንጋዮች

ሰኞ፣ የካቲት 3

ዛሬም ሦስተኛ ነኝ። ጥሩ ቀን ነው ማለት ነው።

ስጽፈው ራሴን አሳቀኝ... ሰው በአርባ ስምንት ዓመቱ በድንጋይ ይኮራል? ይኮራል እንጂ! እዚህ ሰፈር የሚያኮራ ሌላ ምን አለ?

እንዳልረሳው ልጻፈው፤ ወደፊት ብናገር ማንም አያምነኝም። ማታ ከአውቶቡስ ስንወርድ እያንዳንዱ ሰው ከፌርማታው ምሰሶ ሥር ከተከመረው ውስጥ የራሱን ድንጋይ ያነሣል። በወረደበት ተራ መንገዱ ዳር ይደረድረዋል። የነገ ሰልፍ እሱ ነው። ድንጋዩ ቦታ ይዞ ያድራል፣ ሰውየው ቤቱ ገብቶ ይተኛል። ጠዋት ለ12 ሰዓት ከሩብ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ይመጣና ከድንጋዩ ኋላ ይቆማል። አውቶቡሱ ሲመጣ ድንጋዩን በእግሩ ወደ ምሰሶው ሥር ገፋ አድርጎ ይገባል። አለቀ። አሥራ ሰባት ሰው፣ አሥራ ሰባት ድንጋይ። አውቶቡሱ ከሌላ ሰፈር ጭኖ ስለሚመጣ የሚተርፈን አሥር መቀመጫ ቢሆን ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው ከተማ እስኪደርስ አንድ ሰዓት ሙሉ ቆሞ ነው።

በድንጋይ ጉዳይ ማንም ማንንም አያጭበረብርም። መላእክት ነን። ግን ደግሞ ማንም ማንንም አያናግርም። ምን ያናግረዋል? ድንጋዩ ጨርሶለታል።

የኔዋ ጠፍጣፋ ናት፣ አንድ ጥግዋ የተሸረፈ። የመንጋጋ ጥርስ ትመስላለች።

ማታ ስገባ እማዬ ሰው ሠራሽ ጥርሷን አውልቃ ብርጭቆ ውስጥ ከታዋለች። ያንን ጥርስ የሠራሁት እኔ ነኝ፣ ደነገጥኩ። "አሳመመሽ እንዴ?" ስላት፣ "አይ፣ ዛሬ የሚያናግረኝ ሰው አልነበረም። አሳረፍኩት" አለች። ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም።

ረቡዕ፣ የካቲት 5

የአንድ ሽማግሌ የላይ ጥርስ ጨረስኩ። ሰሙ ላይ ደርድሬ ጠረጴዛው ላይ ሳስቀምጠው ከራሱ ጋር የሚስቅ መሰለኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ጥርስ ሠርቻለሁ፤ ሰውን የማውቀው በጥርሱ ነው። ጎረቤቶቼን ግን የማውቃቸው በማጅራታቸው ነው። እዚህ ከገባን ሦስት ወር... አንድም ጥርስ አላየሁም! ጥርስ አላቸው? ይኖራቸዋል መቼም።

ባለ ጥቁሩ ድንጋይ ኮፍያ የማያወልቅ ሰውዬ ነው። ነጯ ድንጋይ የነርሷ ናት፤ ነርስ መሆኗን ያወቅኩት ከካፖርቷ ሥር ነጭ ልብስ ስላየሁ ነው። አንዱ ደግሞ እንደ ድንጋይ የሚያስቀምጠው በልኩ የተቆረጠ ግማሽ ጡብ ነው። መሐንዲስ ባይሆን ነበር የሚገርመኝ።

እሑድ፣ የካቲት 9

ታናሽ ወንድሜ ደወለ። ከበስተኋላው ጥሩምባ፣ የልጆች ጩኸት፣ የሚጣሉ ሴቶች... "ይቅርታ እማዬ፣ ጫጫታ ነው፣ መስኮቱን ልዝጋው" ሲላት፣ "ተወው! አትዝጋው!" አለችው። ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ ዓይኗን ጨፍና ነበር የምትሰማው።

እኛ ጋ ነይና ኑሪ አላት። እሺ አለች። እንዲሁ... እሺ። መጋቢት 20 ቅዳሜ፣ የልጁ ፈተና ሲያልቅ፣ በመኪናው መጥቶ ይወስዳታል።

ተነሥቼ ያልቆሸሸ ሰሃን አጠብኩ።

ይህን ቤት የወሰድኩት ለሷ ብዬ ነው። የድሮው ቤታችን አራተኛ ፎቅ ነበር፣ ሊፍት የለውም፣ ጉልበቷ ደግሞ እምቢ አለ። እዚህ ደረጃ የለም፣ ግቢ አለ፣ ፀሐይ አለ። ግን እዚያ ደረጃውን የሚወጣው ሁሉ በሯ ላይ አረፍ ይል ነበር፤ ማን ምን እንደገዛ፣ ማን ከማን እንደተኳረፈ ከሷ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። እዚህ ጠዋት 12 ተኩል ላይ ሰፈሩ ጭር ይላል። "ዝምታው ጆሮዬን ያሳክከኛል" ትላለች። ጉልበቷን አዳንኩ ብዬ አፏን ዘጋሁት።

እንድትሄድ አልፈልግም። ይኸው፣ ጻፍኩት። ለሷ ግን አልነግራትም። ብነግራት ለኔ ስትል ትቀራለች፣ ለኔ ስትል ደግሞ ታዝናለች።

ሐሙስ፣ የካቲት 13

ፈቃድ ወስጄ እማዬን ይዤ ጎረቤት ለመተዋወቅ ወጣሁ። ሰባት በር አንኳኳን። ከአንዱ ውሻ መለሰልን። ከሌላው ቤት የሰው ድምፅ ሰምተን ደስ አለን... ለካ ሌባ ይፍራ ተብሎ ተከፍቶ የቀረ ሬዲዮ ነው። እማዬ በሩን ተደግፋ ዜናውን እስከ መጨረሻው ሰማች። "ይሄኛው እንኳን ተጫዋች ነው" አለች።

ዓርብ፣ የካቲት 14

ማታ ከአውቶቡስ ስንወርድ ደፍሬ ባለ ኮፍያውን "እንደምን አመሹ?" አልኩት።

ደነገጠ። "ምነው? የተፈጠረ ነገር አለ?"

"የለም፣ ሰላም ልበልዎት ብዬ ነው።"

"አሃ... እሺ።" ድንጋዩን አስቀምጦ ሄደ። ሁለት ጊዜ ዞሮ አየኝ። ኪሱንም የዳበሰ መሰለኝ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 18

እማዬ መንገድ መጥረግ ጀምራለች። የኛን በር ብቻ አይደለም፣ እስከ መታጠፊያው! "ሰው ባይኖር ቅጠሉ አለ" ትላለች። አጥሩ ሥር ደግሞ የአበባ መደብ ቆፍራ ጽጌረዳ ተክላለች። ዙሪያውን የሚይዝ ድንጋይ ፈልጊልኝ አለችኝ።

"እሑድ አመጣልሻለሁ።"

"እሑድ ሩቅ ነው። ከመሄዴ በፊት አንድ ነገር ጨርሼልሽ ልሂድ ብዬ ነው እንጂ።"

አካፋውን አንሥቼ ላጥበው ሄድኩ።

ሐሙስ፣ የካቲት 20

ጉድ ፈላ!

ማታ ከአውቶቡስ ወረድን፣ ምሰሶው ሥር ምንም የለም። አንድም ድንጋይ! መሬቱ ተጠርጎ እንደ ሰሃን ያበራል። አሥራ ሰባት ሰው ምሰሶውን ከቦ ቆመ። መሐንዲሱ ምሰሶውን አንድ ጊዜ ዞረው። ከዚያ አንድ በአንድ፣ አንገታችንን ደፍተን፣ ከለቅሶ እንደሚመለስ ሰው ወደየቤታችን...

የተጠረገውን መሬት ሳየው ሆዴ ቀድሞ ጠርጥሯል። በሩን ስከፍት እማዬ ግቢው ውስጥ ቆማ ትጠብቀኛለች። ጥርሷን አድርጋለች!

"ነይ እይ! ነይ እይልኝ! ፌርማታው ጋ የወደቀ የማንም ድንጋይ አገኘሁ። በባልዲ አምስት ጊዜ ተመላለስኩ።"

መደቡን በክብ አጥራዋለች። ጥቁሩ አለ። ነጯ አለች። ግማሹ ጡብ አለ። የኔዋ ሽራፊ መሃል ላይ ተቀምጣ ታየኛለች። ቆጠርኩ፣ አሥራ ሰባት።

ጥፋቱ የኔ ነው። ሦስት ወር ሙሉ ስለ ድንጋዮቹ አልነገርኳትም። ሰፈሩ የኔንም አፍ ዘግቶታል ማለት ነው።

"አያምርም?" አለች።

"ያምራል" አልኳት። ምን ልበላት?

ዓርብ፣ የካቲት 21

ቀድሜ ልድረስ ብዬ 11 ተኩል ላይ ፌርማታ ደረስኩ። አሥራ አራት ሰው ቀድሞኛል! ሁሉም ያሰበው አንድ ነው። ከሁሉ የሚገርመው ግን... ያወራሉ! አይ፣ ይጨቃጨቃሉ።

"እኔ ሁልጊዜ ከጡቡ በኋላ ነኝ።"

"ጡቡ እኔ ነኝ፤ ከእኔ በኋላ እሷ ናት።"

"ቆይ፣ እርስዎ ጥቁሩ አይደሉም እንዴ?"

እንደ ሰው ስም በድንጋይ ሲጠራሩ ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። ነርሷ ስትናደድ የላይ ክራንቻዋ ይታያል፣ ቆንጆ ነው። መሐንዲሱ ፊት ለፊት ፍንጭት ነው። ባለ ኮፍያው ከግራ በኩል አንድ መንጋጋ ጎሎታል፣ ለዛ ነው በቀኝ በኩል ብቻ የሚናገረው። ሦስት ወር የናፈቅኩትን በአንድ ጠዋት አየሁት።

"ይሄን የሠራው ሰው ግን..." አለ አንዱ። አፌን ለጎምኩ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም።

እሑድ፣ የካቲት 23

እማዬ መደቡን ውኃ ታጠጣለች፣ ታንጎራጉራለች። እንዴት ብዬ ልንገራት? ደስ ያሰኛት አንድ ነገር ይቺ ብቻ ናት። ባልነግራትስ? ጎረቤቶቼን እየዋሸሁ ነው። ነገ እነግራታለሁ... ትናንትም ነገ ብዬ ነበር።

ሰኞ፣ የካቲት 24

መሐንዲሱ ምሰሶው ላይ ማስታወቂያ ለጠፈ። በኮምፒውተር የተጻፈ፣ በፕላስቲክ የተሸፈነ። "ድንጋዮቻችንን የወሰዱ ግለሰብ በአስቸኳይ እንዲመልሱ" ይላል። ከሥሩ የእያንዳንዱ ድንጋይ ቅርጽና ቀለም በዝርዝር። የኔን "ሽራፊ" ብሎ ጽፏታል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል... አሁን ይሄን ማን ያስለቅቀዋል?

እማዬ ነገ ጠዋት ስትጠርግ ታየዋለች። ዛሬ ማታ መናገር አለብኝ።

አልተናገርኩም። እራት ላይ አንገቷን ደፍታ ዝም ብላ ነበር። ደክሟት ነው ብዬ ተውኩት።

ማክሰኞ፣ የካቲት 25

ለካ ወረቀቱን ትናንት ቀን አይታዋለች!

ጠዋት ተሰብስበን ቆመን እየተጨቃጨቅን ሳለ ከመታጠፊያው የጋሪ ድምፅ መጣ። ሲጢጥ... ሲጢጥ... እማዬ ናት። በነጠላ ጫማ፣ የኔን ሹራብ ደርባ፣ ድንጋዮቹን በአትክልት ጋሪ ጭና ትገፋለች። ሁሉም ዞሮ አያት። እኔ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ጋሪውን አቆመች። ተነፈሰች። "ሌባዋ እኔ ነኝ" አለች። "ሰው የሌለው ድንጋይ መስሎኝ ነው። እኔ ባደግኩበት ሰው ቦታ የሚይዘው ቆሞ፣ እያወራ ነበር። ይቅር በሉኝ ልጆቼ።"

ሄጄ ከጎኗ ቆምኩ። ከዚያ አፌ ራሱ ተናገረ። "እናቴ ናት። እኔ ሐሙስ ማታ አውቄያለሁ፣ ደብቄያችሁ ነው።"

አሥራ ስድስት ሰው ያየኛል።

እማዬ ግን ጊዜ አልሰጠቻቸውም። ጎንበስ ብላ ትልቁን ጥቁር ድንጋይ አነሣች። "ይሄ የማነው?"

ባለ ኮፍያው እጁን እንደ ተማሪ አወጣ። "የኔ ነው፣ እማማ።"

"አንተ ነህ ወገቤን የቆረጥከኝ? ቦታ ለመያዝ ተራራ ይዘህ ትመጣለህ? ማን ይነጥቀኛል ብለህ ነው?"

ባለ ኮፍያው ሳቀ! ኮፍያውን አውልቆ ሳቀ። ራሱ መላጣ ነው። ከሱ ነርሷ ቀጠለች፣ ከነርሷ ሁሉም። እማዬ አንድ በአንድ እያነሣች "ይሄስ? የት ነው የምትሠራ? ልጅ አለህ?" እያለች ታድላለች። ጡቡን ስታነሣ መሐንዲሱን ቀና ብላ አይታ፣ "ያንተ መሆኑን ወረቀቱን ሳየው አውቄዋለሁ" አለችው። አውቶቡሱ መጥቶ ጥሩምባ እስኪነፋ ድረስ ማንም አላየውም። ማን ቀድሞ እንደገባ፣ ማን እንደተቀመጠ አላስታውስም። እስከ ከተማ ድረስ ስናወራ ሄድን።

ሐሙስ፣ የካቲት 27

ድንጋዮቹ የተነቀሉበት መደብ ድዱ ባዶ የቀረ አፍ ይመስላል። እማዬ "ይሁን፣ ጽጌረዳው አለ" አለች።

ማታ በሩ ተንኳኳ። ነርሷ ናት፣ ነጯን ድንጋይ ይዛ። "አበባውን ለማየት ነው የመጣሁት" አለች። አየች። ድንጋይዋን ጎድጓዳው ውስጥ መልሳ አስቀመጠች። "እዚሁ ታምራለች። ጉልበትዎን ግን ላየው፣ አካሄድዎን ወድጄው አልነበረም።" የጉልበት እንቅስቃሴ አሳየቻት።

ከሷ በኋላ ባለ ኮፍያው መጣ፣ ጥቁሩን ታቅፎ። ከዚያ ሌላው... አስተናግጄ አልጨረስኩም። ወንበር አነሰን። እማዬ ጥርሷን እስክትተኛ አላወለቀችም።

ረቡዕ፣ መጋቢት 3

ድንጋይ ከሌለ ሰልፉ እንዴት ይሁን? ነገሩ ሁለት ቀን አከራከረ። መሐንዲሱ ቁጥር ያለው ካርድ ይታተም አለ። ማንም አልሰማውም።

እማዬ ናት የፈታችው። ማታ አውቶቡሱ ሲመጣ ፌርማታው ጋ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ትጠብቃለች። የወረደ ሁሉ አጠገቧ ሲያልፍ "እማማ፣ ያዙኝ" ይላታል። ትይዘዋለች። በወረቀት አይደለም፣ በጭንቅላቷ! ጠዋት ምሰሶው ሥር ቆማ ትጠራለች።

"ጡቡ! ጥቁሩ! ነጯ! አንተ ጠጠር፣ ዛሬም አረፈድክ?"

"አቤት፣ እማማ!"

ስማቸውን ነግረዋታል እኮ። እሷ ግን በድንጋያቸው መጥራት ይቀላታል። እነሱም ወደዱት። እየጠራች ማን እንዳመመው፣ የማን ልጅ ጥርስ እንዳበቀለ ታጣራለች። በአንድ ሳምንት ውስጥ እኔ በሦስት ወር ያላወቅኩትን አወቀች።

ዓርብ፣ መጋቢት 12

ሻንጣዋን ከቁም ሳጥን ላይ አውርዳ አቧራውን ጠረገች። እኔም ጨርቁን ተቀብዬ አራገፍኩት።

ዓርብ፣ መጋቢት 19

ወንድሜ ነገ 4 ሰዓት ላይ ይደርሳል። ሻንጣው በሩ አጠገብ ቆሟል፣ ተዘግቷል። እራት ላይ ስታሳስቀኝ አመሸች። ሳቅሁ... ጥርስ ባዳ ነው ይሉ የለ። ሆዴ ግን አልሳቀም።

"እማዬ..." አልኳት።

"ምነው?"

"ምንም።"

ከእሑድ ጀምሮ እንደሷ ማታ ማታ ማን "ዛሬ ማንን አየሽ?" ይለኛል?

ቅዳሜ፣ መጋቢት 20

ወንድሜ መጣ። ተሳሳምን፣ በላን፣ መደቡን አየ። ሻንጣውን አንሥቶ መኪናው ውስጥ ከተተ። እኔ ወጥ ቤት ገብቼ ቆምኩ። የመኪናው ኋላ ሲዘጋ ሰማሁ... ደፍ! ይሄው ሆነ አልኩ።

ያኔ የውጭ በራችን ተንኳኳ። ወጣሁ። ባለ ኮፍያው ነው። እማዬ ከደጅ ጀምራ ተቀበለችው።

"እማማ፣ ሰኞ ፈቃድ ላይ ነኝ፣ አልሄድም። ቦታዬን ለነርሷ ይስጡልኝ፣ ሰሞኑን ሥራ በዝቶባታል፣ ደክሟት ነው የምትመጣው።"

"ነርሷ ሰኞ ከሰዓት ነው የምትገባው። ለጠጠሩ እሰጠዋለሁ፣ እግሩን አሞታል።"

"እርስዎ ያውቃሉ" ብሎ ሄደ።

ወንድሜ አፉን ከፍቶ ቀረ። "ማነው ይሄ?"

"ጥቁሩ ነዋ።" መኪናውን አየች፣ እኔን አየች፣ በርጩማዋን አየች። "ሻንጣውን አውርደው፣ ልጄ።"

"እንዴ! ምን ሆነሽ እማዬ? ራስሽ እሺ ብለሽኝ..."

"እሺ ያልኩህማ ሰው ሳይኖረኝ ነው። አሁን አሥራ ሰባት ሰው ጭንቅላቴ ውስጥ ይዤ የት ልሂድ? መንገድ ላይ ቢፈስብኝስ?"

"ሻንጣውን ታዲያ ለምን ዘጋሽው?"

"ከፍቼ ልተወው ነበር? ደግሞ እህትህ አትሂጂ ትለኝ እንደሆነ ብዬ ነው። ሳምንት ሙሉ ጠበቅኳት። አፏን ዘግታ አረፈችው!"

ወንድሜ ወደኔ ዞረ። "እታለም፣ ምን አድርገሽባት ነው?" ልመልስለት አፌን ከፈትኩ። ዕንባዬ ቀድሞኝ ወጣ። እማዬ "አሁን ገና!" አለች።

ወንድሜ አድሮ ነገ ሊሄድ ነው። ትንሽ ከፍቶታል። ለዓመት እረፍት ልጆቹን ይዞ ሊመጣ ተስማምተናል። ባዶ እጁን አይሄድም፣ ከጽጌረዳው ትቆርጥለታለች።

ሰኞ፣ መጋቢት 22

ዛሬ የመጨረሻዋ ነኝ።

ዓርብ ማታ የወረድኩት ሁለተኛ ሆኜ ነበር፣ ራሴ ቆጥሬያለሁ። ጠዋት እማዬ ሁሉንም ጠርታ ጠርታ ጨረሰችና በመጨረሻ "ሽራፊ!" አለች።

"እማዬ፣ ሁለተኛ ነበርኩ እኮ።"

"ነበርሽ። ግን ልጄ ነሽ። የራሷን ልጅ አስቀድማ ሰው ታሰልፋለች ልባል?"

እስከ ከተማ ድረስ ቆሜ ሄድኩ። መሐንዲሱ ሊነሣልኝ ሲል "ተው፣ ከሰማች ለሁለታችንም አይበጅም" አልኩት። ሳቀ። ፍንጭቱ ደስ ይላል።

ከሰዓት በኋላ ለእማዬ ሁለተኛ ጥርስ ጀመርኩላት። ያኛው ከወሬ ብዛት ላልቷል። እስካስተካክለው ስጪኝ ብላት "በሥራ ቀን አይሆንም" አለችኝ። አንዱ ለሰልፍ፣ አንዱ ለቤት ይሁን።

ማታ ከአውቶቡስ ወርጄ አጠገቧ ሳልፍ "ያዢኝ" አልኳት። "ይዤሻለሁ" አለች።

ነገ ስንተኛ እንደሆንኩ አልጠየቅኳትም።